እርግማኑን ተዉት፣ ኑዛዜውን አንብቡ

ሁለት እህትማማቾች በአንድ አሮጌ ግንብ ውስጥ በአሻንጉሊት ይጣላሉ። ገና ልጆች ናቸው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጥቁር የለበሰች እመቤት ቀይ የለበሰችውን በጩቤ ስትወጋ ያሳያል። የአንደኛዋ ልጅ ዓይን ሥዕሉ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ከዚያ ጩቤ ታነሳና የእህቷን አሻንጉሊት ትወጋዋለች። አያታቸው የሥዕሉን ታሪክ ይነግራቸዋል፦ በጥንት ጊዜ በዚህ ቤት ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ጥቁሯ ቀይዋን ሰባት ጊዜ ወግታ ገደለቻት፤ ከዓመት በኋላ ቀይዋ ከመቃብር ተነሥታ ስድስት ሰው ገደለች፤ ሰባተኛዋ ሟች ጥቁሯ እህቷ ሆነች። ይህም በየመቶ ዓመቱ ይደገማል።

ጣሊያናዊው ኤሚሊዮ ሚራልያ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው «ቀይዋ እመቤት ሰባት ጊዜ ትገድላለች» የተባለው ፊልም የሚጀምረው እንዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ ያድጋሉ። አያትየው አንድ ሌሊት መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቀይ ካባ የለበሰች ሴት አይቶ በድንጋጤ ልቡ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት እየሳቀች ሰው ትገድላለች፤ እኛም ጣታችንን አጥፈን መቁጠር እንጀምራለን።

እርግማን እስከ ሰባት ትውልድ ሲባል ሰምቶ ላደገ፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ለሚቆጥር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም። ፊልሙን መከታተል ግን ሌላ ነገር ነው። ስሞቹ ይበዛሉ፣ የሚያዩት ሰው ሁሉ ያስጠረጥራል፣ አንዱ ይሞትና ጉዳዩ ምን እንደነበር ሳይገባን ሌላው ይከተላል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንድ ሰው ተነሥቶ ሁሉንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ «ገዳዩን አወቅሁት፤ ለምን እንደገደለ ግን አልገባኝም» ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በፊልሙ ላይ ይጥላል፤ ርካሽ ፊልም ስለሆነ ታሪኩ የተዝረከረከ ነው ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያሉትን የጣሊያን ፊልሞች ለዓመታት ሳያቸው የቆየሁት በፍቅር ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተረዳሁትም ነገር አንድ ነው። እርግማኑ ልብስ ነው፣ ገላው ውርስ ነው። ቀይ ካባዋን ሴት ትቶ «ይህ ሰው ቢሞት የእሱ ድርሻ ወደ ማን ይሄዳል?» ብሎ የሚያይ ተመልካች የተዝረከረከ የመሰለው ታሪክ እንደ ሒሳብ ጥርት ብሎ ይታየዋል።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ ስም። ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን የግድያ ምስጢር «ጃሎ» ይሉታል፤ ቢጫ ማለት ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው የሚላኖ አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ሲያሳትም ሕዝቡ መጽሐፎቹን በቀለማቸው ጠራቸው፤ ስሙ በኋላ ወደ ፊልም ተሻገረ። በሲኒማ መንገዱን የከፈተው ማሪዮ ባቫ ነው፤ በ1963 እና በ1964 ሁለት ፊልሞች ሠራ። ዳሪዮ አርጀንቶ በ1970 የመጀመሪያ ፊልሙን ይዞ ሲመጣ ገበያው ጦፈ፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ጃሎ እንደ ዳቦ ይወጣ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ቀድሞ የነበረ ሌላ ዘር አለ፦ ግንብ፣ መቃብር፣ ከሞት የምትነሣ ሴት ያለበት የጎቲክ ሽብር። በውርስ ላይ የሚሽከረከሩት ፊልሞች የሁለቱ ዲቃሎች ናቸው። ግንቡንና እርግማኑን ከጎቲኩ፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀውን እጅና «ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከቢጫው ወሰዱ።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

በ1942 በወጣው የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አባት ያለ ኑዛዜ ቢሞትና ሚስት ባይኖረው ንብረቱ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። አራት ልጆች ካሉ እያንዳንዱ ሩብ ያገኛል። ኑዛዜ ቢኖርስ? አባት እንደፈለገ መናዘዝ አይችልም፤ ሕጉ ለልጆች የተጠበቀ ድርሻ አስቀምጧል። ብቸኛ ልጅ ከሆነ ቢያንስ ግማሹ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከንብረቱ ሁለት ሦስተኛው የእነሱ ነው። አባት ተቆጥቶ «ይኼኛው ልጄ ሰባራ ሳንቲም እንዳያገኝ» ብሎ ቢጽፍም ልጁ ፍርድ ቤት ሄዶ ድርሻውን ማስመለስ ይችላል።

ይህ ፍትሐዊ ሕግ ነው። ለአንድ ክፉ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አባቱን በማባበል ብቻ ሁሉንም ጠቅልሎ መውሰድ አይችልም፤ ወንድሞቹ ምንጊዜም አብረውት አሉ። ሩቡን ግማሽ ለማድረግ ያለው መንገድ ወራሾቹ እንዲያንሱ ነው። እዚህ ላይም ሕጉ ሌላ እንቅፋት አለው፦ የሞተው ወንድም ልጆች ካሉት የአባታቸውን ቦታ ተክተው ይወርሳሉ፤ ስለዚህ ባለ ልጁን መግደል ለገዳዩ ትርፍ የለውም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሟቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ያላገቡ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ መሆናቸውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የፊልም ጸሐፊዎቹ ሕጉን አጥንተው ይሁን በቤተሰባቸው አይተው፣ ሒሳቡን ያውቁታል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ይህ ነው። የዚያው ሕግ 463ኛ አንቀጽ አውራሹን፣ ወይም የአውራሹን የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ተወላጅ ሆን ብሎ የገደለ፣ ለመግደልም የሞከረ ሰው ለውርስ የማይገባ ነው ይላል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ይስማማል፤ ሟችን ሆን ብሎ ገድሎ የተፈረደበት ሰው አይወርሰውም። በሌሎች ወንጀል ፊልሞች ገዳይ የሚደበቀው እስር ቤት እንዳይገባ ነው። እዚህ ግን ከእስር በላይ የሚያስጨንቀው ነገር አለ፤ ከታወቀበት የገደለለትን ንብረት ያጣል። ስለዚህ ሞቱ የሰው እጅ ያለበት መምሰል የለበትም። ልብ ድካም ይሁን፣ ራሷን ሰቀለች ይባል፣ ከደረጃ ወደቀ ይባል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ከመቃብር የወጣች ሴት ገደለችው ይባል። ፍርድ ቤት ከመቶ ዓመት በፊት የሞተችን ሴት አይከስም።

ቀይ ካባው የተሰፋው ለዚህ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ፦ ሳይገድሉ ማሳበድ። የጣሊያን ሕግ አእምሮው የታመመን ሰው ንብረቱን ከማስተዳደር አግዶ ሞግዚት ይሾምለታል፤ ሞግዚትነቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለቅርብ ዘመድ ነው። ሚራልያ ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1971፣ በሠራው ፊልም ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለጸጋ የሟቿን መንፈስ ያያል፣ ድምፅዋን ይሰማል፣ ከግንቡ ወደ መቃብሩ ይመላለሳል። ተመልካቹ «መንፈስ አለ ወይስ የለም?» እያለ ይጨነቃል። ይህ ሰው ቢያብድ የሀብቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን መልሱን ከሰውየው ቀድሞ ያገኘዋል።

ወደ ሁለቱ እህትማማቾች እንመለስ። ካደጉ በኋላ አንደኛዋ የለችም፤ ዘመድ ሁሉ «አሜሪካ ሄዳለች» ይላል። ለምን አሜሪካ? ጣሊያን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በባሕር ማዶ የበተነች አገር ናት። «የአሜሪካው አጎት» የሚል አባባልም አላቸው፤ ሳይታሰብ ሞቶ ገንዘብ የሚያወርስ ዘመድ ማለት ነው። አሜሪካ ሄደ የተባለ ሰው በወረቀት ላይ በሕይወት አለ። ድምፁ የጠፋ ሰው «ሞቷል» ተብሎ እንዲገመት ሕጉ 10 ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል፤ እስከዚያ ድረስ ወራሽነቱ እንደ ጥላ ቤቱ ውስጥ ይቆያል። በፊልሙ ውስጥ «እህትሽስ የት ናት?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሣ ጆሯችሁን ስጡት። ከሥዕሉም ከአፈ ታሪኩም በላይ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ገዳዩን ግን ከእኔ አትሰሙም፤ ፊልሙ ለማያውቀው ሰው ሊቆይለት ይገባል።

ገንዘቡ ሌላ ወሬ ነው። እነዚህን ፊልሞች የሠሩት ሰዎች በእጃቸው የነበረው ጥቂት ብር፣ ጥቂት ቀንና ብዙ ብልሃት ነው። ለምሳሌ ግንቡን ውሰዱ። ተመልካች ግንብ ሲያይ ብዙ ወጪ የወጣ ይመስለዋል፤ በጣሊያን ግን ግንብ መከራየት ከስቱዲዮ ክፍል መሥራት ይረክስ ነበር። በ1948 የጸናው የሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት ለመሳፍንት ማዕረግ ዕውቅና ነፈገ። ጣራው የሚያፈስ፣ ክረምት የማይሞቅ ግንብ የያዘ ቤተሰብ የፊልም ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ ደስ ይለዋል። በአብሩትሶ ተራሮች ባልሶራኖ በምትባል ከተማ ያለው የፒኮሎሚኒ ግንብ ተመልካች ደረጃውን እስኪያውቀው ድረስ በብዙ ርካሽ የሽብር ፊልም ታይቷል። እኔን የሚገርመኝ ነገር፣ እነዚያ ፊልሞች የሚተርኩት ርስቱን ጠብቆ ማቆየት ስላቃተው ቤተሰብ ነው፤ የተቀረጹትም እንዲሁ በተቸገሩ ቤተሰቦች ቤት ነው።

ብልሃቱን በቅርብ ለማየት በ1957 ለእይታ ወደ በቃ አንድ ፊልም ልውሰዳችሁ። ሪካርዶ ፍሬዳ «ቫምፓየሮቹ» የተባለውን ፊልም በ12 ቀን ቀርጾ ለመጨረስ ቃል ይገባል፤ ሳያልቅ ተጣልቶ ይወጣል። ካሜራውን ይዞ የነበረው ማሪዮ ባቫ የቀረውን በሁለት ቀን ይጨርሳል። በዚያ ፊልም ውስጥ ጃና ማሪያ ካናሌ የምትጫወታት ዱቼስ በዓይናችን ፊት ታረጃለች፤ ካሜራው ሳይቋረጥ፣ ፊቷ ሳይሸፈን፣ ለስላሳው ቆዳ ቀስ እያለ ይሸበሸባል። እንዴት? ሽብሽቡ ቀድሞውኑ ፊቷ ላይ በቀይ ቀለም ተስሏል። በቀይ ብርሃን ቀዩ መስመርና ቆዳው እኩል ስለሚያበሩ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ መስመሩ አይታይም። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ እርጅናው ብቅ ይላል። ለማመን የሚቸገር ሰው ነጭ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍና ብርሃን በሚያሳልፍ ቀይ ላስቲክ ይመልከተው፤ ጽሑፉ ይጠፋል። በአረንጓዴ ላስቲክ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ወጪው የሁለት ባለ ቀለም ማጣሪያ ዋጋ ነው። የባቫ አባት ኤውጄኒዮም የካሜራ ሰውና ቀራፂ ነበር፤ ልጁ እንዲህ ያለውን ነገር ያየው በቤቱ ነው። ርስት ከተባለ ይህም ርስት ነው።

ሌላው የቁጠባ መንገድ ድምፁ ነው፤ አዲስ ተመልካችን በጣም የሚያስቸግረውም እሱ ነው። በዚያ ዘመን ጣሊያኖች ሲቀርጹ ለፊልሙ የሚሆን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ አይቀዱም ነበር። ጣሊያናዊቷ በጣሊያንኛ፣ ጀርመናዊው በጀርመንኛ፣ እንግሊዛዊው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የሁሉም ድምፅ ይተካል፤ ብዙውን ጊዜም በሌሎች ሰዎች። ስለዚህ «ዋናው ቋንቋ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ ከንፈርና ቃል አለመግጠሙም የአንድ ሰው ስንፍና አይደለም። ጥቅሙ ብዙ ነበር። ለፀጥታ መጠበቅ የለም፣ ከየአገሩ ተዋናይ መቅጠር ይቻላል፣ ከሁለት አገር ገንዘብ ይሰበሰባል። ቀይዋ እመቤት ራሷ የጣሊያንና የምዕራብ ጀርመን የጋራ ሥራ ናት፤ የቤተሰቡ ስም ጀርመንኛ የሆነው በዚህ ነው። ካሜራን በሐዲድ ከመግፋት ይልቅ ዙም ማድረግ፣ ቴክኒስኮፕ በተባለው የአቀራረጽ ዘዴ በተለመደው የፊልም ጥቅል ግማሽ መቅረጽ፣ ባዶ ግድግዳን በሐምራዊና በአረንጓዴ መብራት መሸፈን፤ ይህ ሁሉ ከእጥረት የመጣ ነው። የተወለደው መልክ ግን ዛሬ ትልልቅ በጀት ያላቸው ዳይሬክተሮች አጥብቀው የሚመኙት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአንድ ፊልም ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ባቫ በ1971 የሠራው «ሰንሰለታዊ ምላሽ»። ከዚህ በታች መጨረሻውን ስለምናገር ሳያዩት ማወቅ የማይፈልጉ እዚህ ላይ ያቁሙ።

እዚህ መንፈስ የለም፤ አፈ ታሪክም የለም። ያለው በባሕር ዳር ያለ መሬት ነው። በእነዚያ ዓመታት የጣሊያን ባሕር ዳርቻ በሆቴልና በመዝናኛ ቪላ እየተሞላ ነበር፤ ትናንት ዓሣ አጥማጅ ብቻ የሚኖርበት አሸዋ ዛሬ ወርቅ ሆኗል። ፊልሙ የሚጀምረው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ባለችው በመሬቱ ባለቤት፣ በባለ ማዕረጓ እመቤት በኮንቴሳ ፌዴሪካ ነው። ባሏ ፊሊፖ አንገቷን በገመድ አንቆ ይሰቅላታል፤ ራሷን እንዳጠፋች የሚያስመስል ወረቀት ያስቀምጣል። ገና ከክፍሉ ሳይወጣ እሱም በሌላ እጅ ተወግቶ ይወድቃል። ፊልሙ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆኖታል፤ የሞቱ ቁጥር እስከ 13 ይደርሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ግራ ይጋባል። አሁን ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ኮንቴሳዋ ከጋብቻ ውጭ የወለደችው ሲሞን የሚባል ልጅ አላት፤ እዚያው ባሕሩ ዳር ዓሣ እያጠመደ ይኖራል። ፊሊፖም ከሌላ የወለዳት ሬናታ የምትባል ሴት ልጅ አለችው። ኮንቴሳዋ በእርግጥ ራሷን አጥፍታ ከሆነ ባልየው ከሚስቱ ይወርሳል፤ እሱ ከደቂቃ በኋላ ቢሞት እንኳ የወረሰው ወደ ሬናታ ይተላለፋል። ባልየው ገድሏት ከሆነ ግን ለውርስ የማይገባ ነው፤ በእሱ በኩል ሬናታ የምታገኘው አይኖርም፤ ሲሞን ልጅነቱ ከታወቀለት መሬቱ ወደ እሱ ያዘነብላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ድርሻ የቤተሰብ ሕጉ በ1975 እስኪሻሻል ድረስ ያነሰ መሆኑን ደግሞ ጨምሩበት። ያቺ ውሸት የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት የመሬቱ ካርታ ናት ማለት ነው። ቀሪው ፊልም ሁሉ፣ ያ ሁሉ ደም፣ የዚህች ወረቀት እውነትና ውሸት ለማን እንደሚጠቅም የሚከራከር ነው፤ ክርክሩ በጠበቃ ፈንታ በመጥረቢያ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ገንዘብ ስላልነበረ ባቫ ካሜራውን ራሱ ይዞ ቀረጸው፤ ካሜራዋን ለማንቀሳቀስ ሐዲድ ሲያጣ በልጆች መጫወቻ ጋሪ ላይ ጫናት። ጫካ የሚያስፈልግበት ቦታ ዛፍ ስላልነበረ ቅርንጫፎች በሌንሱ ፊት ተይዘው ጫካ ሆኑ። የቁስሎቹን ሥራ የሠራው ካርሎ ራምባልዲ ነው፤ ያ ሰው ከዓመታት በኋላ ሆሊውድ ሄዶ ኦስካር ወስዷል። ከአሥር ዓመት በኋላም አሜሪካኖች በካምፕ ውስጥ ወጣቶች የሚገደሉባቸውን ፊልሞች ሲሠሩ ከዚህ ፊልም ሁለት ግድያዎችን እንዳለ ወስደዋል። መጥረቢያውን ወሰዱ፤ ኑዛዜውን ግን አልወሰዱትም፤ ለዚህም ይመስለኛል በእነሱ ፊልም ውስጥ ሰው የሚሞተው ያለ ምክንያት የሆነው።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ ሬናታና ባሏ ብቻ ቀርተዋል። ሌላው ወራሽ ሁሉ ሞቷል፣ ወረቀቱ ሁሉ ተስተካክሏል፣ መሬቱ የእነሱ ነው። ደስ ብሏቸው ወደ ካራቫናቸው ሲመለሱ ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው፣ ወንድና ሴት፣ ከበሩ ላይ ጠመንጃ ደግነው ይጠብቋቸዋል። ጨዋታ ነው። ጠመንጃው ግን ጥይት ነበረው፤ አባትና እናት ጎን ለጎን ይወድቃሉ። ልጆቹ ወላጆቻቸው የሞተ ሰው መምሰሉን እንዴት ቻሉበት ብለው ይደነቃሉ።

ሆን ብለው አልገደሉም፤ ስለዚህ 463ኛው አንቀጽ አይነካቸውም። ከእነሱ ሌላ ወራሽ የለም። ሁለቱ ጠመንጃውን ጥለው፣ የእነሱ በሆነው አሸዋ ላይ እየተሯሯጡ ወደ ውሃው ይወርዳሉ።